ፖሊስ ሲበዛ፦ የማላያ ልምድ

የብሪታንያ ቅኝ ግዛቶች በአመፅ ሲናወጡ አስተዳዳሪዎቹ ቀድመው የሚያደርጉት ነገር ፖሊስ መቅጠር ነበር። ቁጥር ብቻውን የት ድረስ እንደሚያስኬድ ግን ከማላያ የተሻለ የሚያሳይ አገር ማግኘት ይከብዳል። በሰኔ 1948 (እ.ኤ.አ.) የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ 10 ሺህ ገደማ የነበረው ፖሊስ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ልዩ ፖሊሶችን ጨምሮ ከ60 ሺህ በላይ ሆነ። የጎማ እርሻውንና የቆርቆሮ ማዕድኑን የሚጠብቅ ሰው በጥድፊያ ስለተፈለገ ምልምሎቹ ከጠመንጃ አያያዝ ያለፈ ብዙም አልተማሩም። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ኮሎኔል ኒኮል ግሬይ የመጣው ከፍልስጤም ፖሊስ ነው፤ በግንቦት 1948 የእንግሊዝ ሞግዚትነት እዚያ ሲያበቃ ሥራ ያጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባልደረቦቹም ወደ ማላያ ጎረፉ። የለመዱት ከብቦ መፈተሽን ነው፤ ከመንደር ሰው ጋር ተግባብቶ መሥራትን አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ግን ሌላ ነበር። አማፂዎቹ በአብዛኛው ቻይናውያን፣ ፖሊሶቹ በአብዛኛው ማላዮች ናቸው። የቻይናውያኑን ቋንቋ የሚያውቅ መኮንን እምብዛም ስላልነበረ፣ አዲስ ምልምል በተጨመረ ቁጥር የበዛው አፈሙዙ እንጂ ጆሮው አልነበረም። በሱንጋይ ሲፑት አካባቢ ሦስት አውሮፓውያን የእርሻ ኃላፊዎች በአንድ ማለዳ ሲገደሉ መንግሥት ሌላ ምን ማድረግ ይችል ነበር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዘበኛ ያስፈልግ ነበር። ችግሩ ዘበኛውን ፖሊስ ብሎ መጥራቱና የፖሊስን ሥራ ከእሱ መጠበቁ ነው።

በ1952 ከለንደን ሲቲ ፖሊስ የተላከው አርተር ያንግ ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ የልዩ ፖሊሱን ቁጥር ቀንሶ ለሥልጠናና ሕዝብን ለማገልገል ቅድሚያ ሰጠ። አመፁን ያዳከመው ያንግ ሳይሆን ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በአጥር በተከበቡ አዳዲስ መንደሮች ያሰፈረው የብሪግስ ዕቅድ ነው የሚሉም አሉ። ሰፈራው የአማፂውን ስንቅ መቁረጡ አይካድም፤ ሰውን ማጠር ግን የሚያውቀውን እንዲናገር አያደርገውም። ያም ሆኖ የያንግ መድኃኒት በሁሉም ቦታ አልሠራም። በ1954 ወደ ኬንያ ሲሄድ ያገኘው እዚያ በተነሣው አመፅ ወቅት በፍጥነት የሰፋ ፖሊስና ከጎኑ የታጠቀ የመንደር ዘብ ነበር። መንግሥት የዘቡን ወንጀሎች እንዳይመረምር ስላሰናከለው ዓመት ሳይሞላው ሥልጣኑን ለቀቀ።