እጅ ከመቁጠር በፊት

ባለፈው ዓመት በማኅበራችን ያለን የኮምፒውተር ተማሪዎች አንድ ሥራ ጀምረን ነበር። የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ ሲደርስ ወላጆቻችንን በአማርኛ የሚያስታውስ የስልክ አፕሊኬሽን ነው። የምንመካከረው በጋራ ኢሜይል ነው፤ አንዱ የጻፈው ለሁሉም ይደርሳል። ማስታወሻው በአማርኛ ጽሑፍ ይላክ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ዘጠኝ ሰው ደገፈው። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብቻ «አያቴ ማንበብ አትችልም» ብላ አንድ መስመር ጻፈች። ማንም አልመለሰላትም። በዚያው ሳምንት ስለ ዳታቤዝ ምርጫ አርባ ያህል ኢሜይል እየተወራወርን ስለነበር የእሷ መስመር ከሥር ተቀበረች።

ሥራው አልቆ ለአረጋውያን ስናሳይ ብዙዎቹ ስልኩን ወደ እኛ አዞሩት፤ «እስቲ አንብቡልኝ» አሉን። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ቤት ከሌለ ቀጠሮው ያልፋል ማለት ነው። እኛ ደግሞ የተነሣነው ይህን ለማስቀረት ነበር።

ጥፋቱ የኮዱ ሳይሆን የአወያዮቹ ነበር፤ አወያዮቹም እኛው ነን። ስለዚህ ሌሎች እንዲህ ያለውን ውይይት እንዴት እንደሚመሩት ማንበብ ጀመርን።

በጣም የጠቀመን የኢንተርኔት ምህንድስና ግብረ ኃይል ልምድ ነው። ይህ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1986 የተመሠረተ ሲሆን ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት የሚነጋገሩባቸውን ደንቦች የሚያወጣ ነው። የአባልነት መታወቂያ የለውም፤ የፈለገ ሰው ገብቶ በራሱ ስም ይከራከራል። በዓመት ሦስት ጊዜ በአካል ይሰበሰባሉ፤ ሆኖም በአዳራሽ የተስማሙበት ነገር በኢሜይል ውይይቱ ላይ እንደገና ቀርቦ ካልጸና ውሳኔ አይባልም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአውሮፕላን ትኬት መግዛት ያልቻለውም ሰው ድምፁ መሰማት አለበት። ደንቦቻቸው የሚወጡባቸው ሰነዶች ስም ራሱ «የአስተያየት ጥያቄ» ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ተማሪዎች ናቸው። በ1969 የመጀመሪያውን ሰነድ የጻፈው ስቲቭ ክሮከር በሎስ አንጀለስ ተማሪ ነበር፤ ጽሑፉ ከላይ የወረደ ትእዛዝ እንዳይመስልበት ብሎ ነው እንዲህ የሰየመው።

እነዚህ ሰዎች ድምፅ አይቆጥሩም። ሰብሳቢው የክፍሉን ስሜት ማወቅ ሲፈልግ «ይህን የምትደግፉ እምም በሉ» ይላል፤ አዳራሹም ያጉረመርማል። (የተከበሩ መሐንዲሶች ናቸው፤ እኛም ስናነብ ሳቅን።) ማጉረምረሙ ግን ውሳኔ አይደለም፤ ሰብሳቢው ወዴት እንደሚጠይቅ የሚያመለክተው ነው። ቀጥሎ የሚጠይቀው የተቃወሙትን ነው፤ «ለምን?» ብሎ። በ2014 ፒት ሬዝኒክ የጻፈው ሰነድ ነገሩን በቁጥር ያስረዳል። 100 ሰው ደግፎ 5 ሰው ቢቃወም፣ የአምስቱ ምክንያት መልስ ካላገኘ ስምምነት የለም። በአንጻሩ 5 ሰው ደግፎ 100 ሰው ቢቃወም፣ መቶዎቹ የሚሉት ቀድሞ ተመርምሮ መልስ ያገኘውን ነገር ብቻ ከሆነ ስምምነት ሊኖር ይችላል። አለዚያ ብዙ ሰው አሰልፎ የመጣ ሁሉ ያሸንፍ ነበር። ተቃዋሚው የግድ የፈለገውን አያገኝም፤ ያነሣው ነጥብ ግን ታይቶና ተመዝኖ መልስ ሊሰጠው ይገባል።

ይህን ለአንድ አባታችን ስናወራላቸው «ሽማግሌ መቼ እጅ ቆጥሮ ያውቃል?» አሉን።

የሚረብሽ ሰውስ ምን ይደረጋል? በ2004 የወጣ ደንባቸው ደረጃ ነበረው። ሰብሳቢው መጀመሪያ ሰውየውን ለብቻው ያናግረው ነበር። ካልተመለሰ በሁሉም ፊት ያስጠነቅቀው ነበር። በመጨረሻ ከበላዩ ጋር ተማክሮ ቢበዛ ለ30 ቀን እንዳይጽፍ ሊያግደው ይችል ነበር። ታግዶም ቢሆን የሌሎቹን መልእክት ከማንበብ አይከለከልም ነበር። እኛ ይህን ባለማወቃችን አንድ ተሳዳቢን በአንድ ሌሊት ከቡድኑ አስወጣነው፤ ጓደኞቹም አብረውት ወጡ።

ስድብን ዝም ብሎ ማለፍም ዋጋ ያስከፍላል። የሊኑክስ ከርነል ሥራ ለረጅም ዓመታት በኢሜይል ሲመራ የኖረ ነው፤ ፈጣሪው ሊኑስ ቶርቫልድስም በቁጡ መልሶቹ የታወቀ ነበር። በመስከረም 2018 ግን ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ሳምንታት ከሥራው ገለል አለ። ፕሮጀክቱም በዚያው ሰሞን አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበለ።

በእኛ ዘንድ ግን ዋናው ችግር ስድብ አይደለም። እዚህ አገር «ዱግሪ» መናገር፣ ሐሳብን ፊት ለፊት ማፍረጥ፣ እንደ ጥሩ ነገር ይቆጠራል፤ በክፍልም በሠራዊትም የለመድነው ይህንን ነው። በቤታችን ደግሞ ታላቅ ሲናገር አይቋረጥም፤ ያልተስማማ ሰው አንድ ጊዜ በትሕትና ተናግሮ ዝም ይላል። ሁለቱ ልማዶች በአንድ ውይይት ሲገናኙ ዝምታው እንደ እሺታ ይቆጠራል። «አያቴ ማንበብ አትችልም» ያለችው እኅታችን በኋላ ስንጠይቃት «አንዴ ተናግሬአለሁ፤ ደግሜ ብጽፍ እንደ ጨቅጫቃ እታይ ነበር» አለችን።

አሁን ከውሳኔ በፊት «ተስማማችሁ ወይ?» ብለን አንጠይቅም። «ይህን ፈጽሞ ልቀበለው አልችልም የሚል አለ? ለምን?» ብለን ሦስት ቀን እንጠብቃለን። ጥያቄውን ከግብረ ኃይሉ ነው የተዋስነው፤ ሦስቱ ቀን የእኛ ነው። ከአወያዮቹ አንዱ መልስ ያላገኙ መልእክቶችን በየሐሙሱ ይለቅማል፤ አንድ መስመር ብቻ ቢሆኑም። ሥራው አሰልቺ ስለሆነ በየወሩ እንቀያየራለን። ዝም ያሉትን ደግሞ ለብቻቸው ደውለን እንጠይቃለን፤ ይህን በየትኛውም ሰነድ አላገኘነውም።

አፕሊኬሽኑ ዛሬ ቀጠሮውን በድምፅ ይናገራል። ባለፈው ሐሙስ ከተለቀሙት መልእክቶች መካከል አንዱ «ትግርኛ ብቻ የሚሰሙት አያቶችስ?» ይላል። እስካሁን አልመለስንም፤ የሦስቱ ቀን ገደብ እሑድ ማታ ያበቃል።