ክብደት ከዕድሜ ጋር ለምን ይጨምራል?

በሃያዎቹ ዕድሜ ቀጭን የነበረ ሰው አርባዎቹን ሲይዝ ቦርጭ ማውጣቱ የተለመደ ነው። በአገራችን ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ የኑሮ መሻሻል ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ "ተመችቶሃል"፣ "አምሮብሃል" የሚል አድናቆት እንጂ ጥያቄ አያስከትልም። ምክንያቱ ሲጠየቅም ብዙዎች የሚሰጡት ምላሽ ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ምግብን የማቃጠል አቅሙ ይዳከማል የሚል ነው።

ምርምር ግን ይህን አስተሳሰብ አልደገፈውም። እ.ኤ.አ. በ2021 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በ29 አገሮች የሚኖሩ ከ6 ሺህ 400 በላይ ሰዎችን ዕለታዊ የኃይል ፍጆታ መርምሯል። በጥናቱ ከተወለዱ ስምንት ቀን ከሆናቸው ሕፃናት አንስቶ እስከ 95 ዓመት አረጋውያን ተካተዋል። የሰውነት መጠን ከግምት ገብቶ ሲሰላ፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው የዕድሜ ክልል ፍጆታው አልቀነሰም። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 ዓመት በኋላ ሲሆን፣ እርሱም በዓመት አንድ በመቶ አይሞላም። በመሆኑም ለ35 ዓመት ጎልማሳ ቦርጭ ሌላ ምክንያት ሊፈለግለት ይገባል።

ነገሩ ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው በስሌት ሲታይ ነው። አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7 ሺህ 700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኃይል ይይዛል። ይህ መጠን ለ365 ቀናት ሲካፈል ለአንድ ቀን የሚደርሰው 21 ኪሎ ካሎሪ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ፣ በዓመት አንድ ኪሎ ለመጨመር የሚያስፈልገው ዕለታዊ ትርፍ አንድ ማንኪያ ተኩል ስኳር እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ስሌቱ ግምታዊ መሆኑ አይካድም፤ ሰውነት በከበደ ቁጥር የሚፈልገው ኃይልም ስለሚጨምር ጭማሪው በዚያው ፍጥነት አይቀጥልም። ይሁን እንጂ የረሃብና የጥጋብ ስሜት ይህን የመሰለ ጥቃቅን ልዩነት ለይቶ አያስጠነቅቅም። ሚዛን ላይ የመውጣት ልማድ የሌለው ሰው ለውጡን የሚረዳው ሱሪው እምቢ ሲለው ነው።

ትርፉ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት የቢሮ ሠራተኛን ውሎ መመልከት ይቻላል። ገቢ ሲሻሻል ግብዣው፣ ሥጋውና ቢራው ይበዛል። በየስብሰባው የሻይ እረፍት የሚቀርበው ሳምቡሳና ብስኩትም አለ፤ ስብሰባ በሚበዛበት መሥሪያ ቤት ጭማሪው ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። በሌላ በኩል ተማሪ ሳለ በእግሩ ይመላለስ የነበረው ሰው ሥራ ሲይዝ በሰርቪስ፣ ሹመት ሲያገኝ ደግሞ በተመደበለት መኪና ይጓዛል። ጾምም ሁልጊዜ ትርፉን አያካክስም፤ ሥጋና ወተት ቢቀሩም ዘይት የበዛበት ወጥ የሚሰጠው ኃይል ከፍተኛ ነው። በተጨማሪም የማይሠራ ጡንቻ ከ30 ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ የሚዛኑ ቁጥር ባይለወጥም የስቡ ድርሻ ሊያድግ ይችላል።

አሳሳቢው በሆድ ዕቃ ዙሪያ የሚከማቸው ስብ ነው። ይህ ስብ ለስኳር በሽታ፣ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ሲሆን፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምልክት ሳያሳዩ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የወገብ ዙሪያ ልክ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ የጤና ስጋቱ እንደሚጨምር ያመለክታል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች ድርሻ በ2000 ከነበረበት 3 በመቶ ወደ 8 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። በከተማ ያለው ድርሻ ከገጠሩ በእጅጉ የላቀ ነው።

ቀስ በቀስ የመጣውን ክብደት ሙሉ በሙሉ ማስወገድ ግን ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት የስኳር መጠናቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ግን ገና ያልታመሙ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። ከክብደታቸው 7 በመቶ ያህል እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ ለምሳሌ ፈጠን ብለው እንዲራመዱ፣ የተደረጉት ተሳታፊዎች ድጋፉን ካላገኙት ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። ይህም 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ6 ኪሎ እምብዛም አይበልጥም።