ሙዚቃን ግራና ቀኝ መዘርጋት

ሁለት ስፒከሮች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ ዘፋኙ ግን የሚሰማው ከመሐል ነው። መሐል ላይ ምንም ስፒከር የለም። አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለቱም ወገን በእኩል ጉልበት ሲመጣ አንጎል ምንጩን መሐል ላይ ያስቀምጠዋል። አንደኛው ወገን ጎላ ካለ ወይም ጥቂት ከቀደመ ድምፁ ወደዚያው ያዘነብላል። በተፈጥሮም ከጎን የመጣ ድምፅ አንዱን ጆሮ ከሌላው የሚቀድመው ቢበዛ በ0.7 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው፤ ጆሮ ግን ይህችንም አያሳልፋትም።

ይህን በሥርዓት ለሙዚቃ ያዋለው የኢ.ኤም.አይ. መሐንዲስ የነበረው እንግሊዛዊው አላን ብሉምላይን ነው። ከወደፊት ባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ የተዋናዩ ድምፅ ተዋናዩ ከቆመበት ሳይሆን ከሌላ ቦታ መምጣቱ እንዳስከፋው ይተረካል። በ1931 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ለማስመዝገብ አመለከተ፤ በ1934 በአቢ ሮድ ስቱዲዮ የቶማስ ቢቻምን ኦርኬስትራ በስቴሪዮ ቀዳ። የስቴሪዮ ሸክላ በስፋት ገበያ ላይ የዋለው ግን በ1958 ነው። ብሉምላይን ይህን አላየም፤ በ1942 የራዳር ሙከራ ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ተከስክሶ በ38 ዓመቱ ሞቷል።

ዛሬ በኮምፒውተር ላይ ማስፊያ ተብለው የሚሸጡ ብዙ ፕለጊኖች የሚሠሩት የእሱን ሒሳብ ነው። ግራና ቀኙ ሲደመሩ የጋራቸው የሆነው ይጎላል፤ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የሚቀረው ልዩነታቸው ብቻ ነው። ልዩነቱን ከፍ ማድረግ ሙዚቃውን ያሰፋዋል። ታዲያ ነጻ ስጦታ አይደለም፤ ድምፃዊው፣ ቤዙና ኪኩ አብዛኛውን ጊዜ በጋራው ውስጥ ስለሚኖሩ፣ ጎኑ ሲያብጥ እነሱ ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። አንድን የጊታር ትራክ ኮፒ አድርገው አንዱን ግራ፣ ሌላውን ቀኝ ይወስዱና ስፋት ይጠብቃሉ። ሁለቱ አንድ ስለሆኑ የሚያገኙት ያው ጊታር መሐል ላይ ጮክ ብሎ ነው። ጊታሪስቱ ያንኑ ሐረግ እንደገና ሲጫወተው ግን የጣቱ ፍጥነትና የክሩ ንዝረት ይለያያል፤ ስፋቱ ከዚያ ይወለዳል። ከዚህ የተሻለ ማስፊያ እስካሁን አልተገኘም ማለት ይቻላል። በድምፅም እንዲሁ ነው፤ ያንኑ ዜማ ደጋግሞ መዝፈን ድምፃዊውን ጆን ሌነንን ስላሰለቸው የአቢ ሮዱ መሐንዲስ ኬን ታውንሴንድ በ1966 ቅጂውን ፍጥነቱ ትንሽ በሚዋዥቅ ሌላ ቴፕ በማሳለፍ ሁለተኛ ድምፅ የሚመስል ነገር ፈጥሯል።

ሌላው መንገድ ዲሌይ ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሀስ በ1949 ባቀረበው ጥናት፣ አንድ ድምፅ በጥቂት ሚሊሴኮንዶች ዘግይቶ ቢደገም ጆሮ ሁለቱን እንደ አንድ እንደሚሰማና አቅጣጫውን ከቀደመው እንደሚወስድ አሳየ። ስለዚህ አንዱን ወገን ከ10 እስከ 30 ሚሊሴኮንድ ማዘግየት ጠባብ ክራርን እንኳ ያሰፋል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ወገኖች ወደ ሞኖ፣ ማለትም ወደ አንድ መስመር፣ ሲቀላቀሉ ነው። 10 ሚሊሴኮንድ የዘገየው ከዋናው ጋር ሲደመር 50፣ 150፣ 250 ኸርዝ እያለ በየ100ው ድምፅ ይፋቃል፤ ክራሩ ቀጭንና ባዶ ይሆናል። በአንድ ስፒከር የሚሠራ ስልክም፣ በሞኖ የተዘረጋ የአዳራሽ ማጉያም የሚያሰማው ይህንኑ ነው።

ቤዝ ደግሞ ጨርሶ ባይነካ ይመረጣል። በሸክላ ላይ የግራና የቀኝ ልዩነት የሚቀረጸው መርፌዋን ወደ ላይና ወደ ታች በሚያንቀሳቅስ ጎድጓድ ስለሆነ፣ የሰፋ ቤዝ መርፌዋን ከመስመር ያስዘልላት ነበር። የሸክላ ዋነኛነት ቢቀርም ልማዱ አልቀረም፤ ብዙ ባለሙያዎች ወፍራሙን ድምፅ ዛሬም መሐል ላይ ያቆዩታል።

ሁሉም ነገር ሰፊ ከሆነ ደግሞ ሰፊ የሚባል አይኖርም። ብዙ ሚክሰሮች ስንኙን ጠበብ አድርገው ቆይተው አዝማቹ ሲመጣ ጊታሩንና ተቀባዮቹን ወደ ጎን ይለቋቸዋል። ቤታችሁ ውስጥ ሚክስ የምትሠሩ፣ ሥራውን ከመላካችሁ በፊት የሞኖ ቁልፉን ተጫኑ፤ የጠፋ መሣሪያ ካለ ዲሌዩን አንሱና ተጫዋቹን ድጋሚ አስቀርጹት።