ከአዲስ አበባ እስከ ኦስካር፦ የተዋናይት ሩት ነጋ መንገድ

በዚህ እትም ስለ አንዲት የፊልምና የቴሌቪዥን ተዋናይት እናወጋለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ፣ ማለትም ከሚያዝያ 2023 በፊት ካርቱም ቡሪ ሰፈር የኖርን ሁሉ እናስታውሳለን። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ዲሹ ኤምቢሲ ቱ ላይ ይደረግና የአሜሪካ ፊልም በአረብኛ የግርጌ ጽሑፍ ይታያል። ከልጆቻችን ብዙዎቹ አረብኛ ማንበብ የለመዱት በዚያ ነው። ከእነዚያ ልጆች አንዷ ዛሬ የኛ ተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ "ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?" ተብሎ ሲጠየቅ ሌሎቹ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ሹፌር ሲሉ እሷ "የፊልም ተዋናይ" አለች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እውነቱን ለመናገር እኛ መምህራኑም ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። "ምነው፣ ከኛ አገር እዚያ የደረሰ ሰው የለም እንዴ?" ብላ ጠየቀችን። ያን ዕለት የሚረባ መልስ አልሰጠናትም። ይህ ጽሑፍ የዘገየ መልሳችን ነው።

አባት የቀረበት ስደት

ሩት ነጋ የተወለደችው በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ ደግሞ ለሥራ ኢትዮጵያ የመጣች የአየርላንድ ነርስ ናት። ዘመኑ የደርግ ነው። ሩት አራት ዓመት ሲሆናት ከእናቷ ጋር ወደ አየርላንድ ሄደች። አባቷ በኋላ ሊከተላቸው ነበር የታሰበው፤ ግን አልሆነም። ሩት የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች በመኪና አደጋ ሞተ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ሩት እንደ ብዙዎቻችን ድንበር በእግር አላቋረጠችም፣ ራሽን ተሰልፋም አልወሰደችም። እናቷ የአየርላንድ ተወላጅ በመሆኗ የወረቀት ጣጣው ቀሏታል። ስለዚህ "እሷ ከቻለች አንተም ትችላለህ" ብሎ በአንድ ቃል መገላገል ልጆችን ማታለል ይሆናል። ሆኖም "አባታችን ይመጣል" እየተባለ ማደግን፣ ከዚያም አለመምጣቱን መስማትን፣ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በመልክ ተለይቶ መቀመጥን ታውቀዋለች። ይህን ደግሞ ከኛ ተማሪዎች ብዙዎቹ ያውቁታል።

ያደገችው ሊምሪክ በምትባል የአየርላንድ ከተማ ነው፤ በኋላም ለንደን ተምራለች።

ትወና ትምህርት ነው

ብዙ ሰው ተዋናይ የሚኮነው በመልክ ወይም በዕድል ይመስለዋል። መንገድ ላይ አንድ ሰው አይቶ "ነይ ፊልም ሥሪ" የሚላት ዓይነት ነገር። የሩት ታሪክ ግን እንደዚያ አይደለም። ደብሊን ከተማ በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ፣ ሳሙኤል ቤኬት ማዕከል ገብታ ትወናን እንደ ማንኛውም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተምራ በዲግሪ ተመርቃለች።

የትወና ተማሪ ምን ይማራል? ድምፁን ሳይጮህ የመጨረሻው ወንበር ድረስ ማድረስን፣ ትንፋሹን መቆጠብን፣ የሌላ ሰው አረማመድና አነጋገር ማጥናትን ይማራል። ከሁሉም በላይ ግን ማንበብን ይማራል። አንድ ጽሑፍ ተሰጥቶት "ይህ ሰው እንዲህ ያለው ለምንድነው? ምን ፈልጎ ነው? ምን እየደበቀ ነው?" እያለ መስመር በመስመር ይመረምራል። ቃሉን መሸምደድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማንበብ የማይወድ ልጅ ተዋናይ መሆን እፈልጋለሁ ቢለን፣ መጀመሪያ የምንነግረው ይህንኑ ነው።

ትንንሽ ሚናዎች፣ ረጅም ዓመታት

ሩት በፊልም መታየት የጀመረችው በ2004 አካባቢ ነው። በ2005 ታዋቂው የአየርላንድ ዳይሬክተር ኒል ጆርዳን "ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ" በተባለው ፊልሙ ውስጥ አሠራት። በ2010 ለንደን በሚገኘው ናሽናል ቲያትር በሼክስፒር "ሐምሌት" ኦፊሊያን ሆና ተጫወተች። በ2011 የቢቢሲ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ዘፋኟን ሸርሊ ባሴይን ሆና በመሥራቷ የአየርላንድ የፊልምና ቴሌቪዥን ሽልማት አገኘች። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ "ኤጀንትስ ኦፍ ሺልድ" በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ታየች።

በመሐል የደረሰባትን አንድ ነገር ተማሪዎቻችን ቢያውቁት ጥሩ ነው። በ2013 የወጣው "ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ" በቀጣዩ ዓመት በምርጥ ፊልምነት ኦስካር ያገኘ ሥራ ነው። ሩት በዚህ ፊልም ውስጥ ሚና ተሰጥቷት ነበር። ፊልሙ ተቆራርጦ ሲጠናቀቅ ግን የእሷ ክፍል ወጣ። ዓለም ሁሉ ያየውን ፊልም ሠርታ እሷ አልታየችም ማለት ነው። በዚህ ሙያ እንዲህ ያለው ነገር ያጋጥማል፤ ሰው ስለሰነፈ አይደለም። እሷም ወደ ሚቀጥለው ሥራ አለፈች።

በዝምታ የተሠራው ሚና

ዓለም በደንብ ያወቃት በ2016 በወጣው "ላቪንግ" ፊልም ነው። ፊልሙ እውነተኛ ታሪክ ነው። ሚልድረድ የአፍሪካና የቀደምት አሜሪካውያን ዘር ያላት ሴት ናት፤ ሪቻርድ ላቪንግ ደግሞ ነጭ ግንበኛ ነው። በ1958 ዋሽንግተን ዲሲ ሄደው ተጋቡና ወደ ቨርጂኒያ ተመለሱ። በዚያ ጊዜ የቨርጂኒያ ሕግ ነጭና ጥቁር እንዲጋቡ አይፈቅድም ነበር። ፖሊስ በሌሊት ከተኙበት ቀስቅሶ አሰራቸው። በጥር 1959 ፍርድ ቤቱ የአንድ ዓመት እስራት ፈረደባቸው፤ ከክፍለ ግዛቱ ወጥተው ለ25 ዓመት አብረው ካልተመለሱ ግን እስራቱ ይቀርላቸዋል አለ። እነሱም ተወልደው ካደጉበት ቀዬ፣ ከዘመድ ተለይተው ወጡ።

ሚልድረድ ከተማ ውስጥ መኖር አልሆነላትም። በ1963 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለሮበርት ኬኔዲ ደብዳቤ ጻፈች። ደብዳቤው ወደ ጠበቆች ተመራ፣ ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሰኔ 12 ቀን 1967 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለላቪንግ ቤተሰብ ፈረዱ። የጋብቻ ክልከላው ሕግ በመላው አሜሪካ ተሻረ። አንዲት የገጠር ሴት የጻፈችው ደብዳቤ እዚህ አደረሰ። መጻፍ ለምን እንደምናስተምር ለሚጠይቀን ሁሉ ይህን እንንገረው።

ሩት ሚልድረድን ሆና ስትጫወት አትጮኽም፣ ረጅም ንግግርም የላትም። የጥንቱን የፊልም ቅጂ ደጋግማ አይታ የሴትየዋን አነጋገር፣ አንገት አደፋፍ፣ ቀና ብላ ማየቷን አጥንታለች። ፊልሙን ያየ ሰው ስልክ ይዛ የምትሰማበትን ቦታ ልብ ይበል። ምንም ሳትናገር ፊቷ ላይ ሁሉም ነገር ይነበባል። ለዚህ ሥራ በ2017 በምርጥ ሴት ተዋናይነት ለኦስካር ታጨች። ሽልማቱ ለሌላ ተዋናይት ሄደ። ቢሆንም ከአዲስ አበባ የወጣችው ሕፃን ስሟ በዚያ መድረክ ከአምስቱ ዕጩዎች አንዱ ሆኖ ተጠራ። የመጀመሪያ ሥራዋን ከሠራች ያኔ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗት ነበር።

ከዚያም አላቆመችም። በ2018 ደብሊን ውስጥ ራሱን ሐምሌትን፣ ማለትም የወንዱን ዋና ሚና ይዛ ተጫወተች። በ2021 "ፓሲንግ" በተሰኘው ፊልም ጥቁርነቷን ደብቃ እንደ ነጭ የምትኖር ሴት ሆና ሠርታለች። በ2022 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ሌዲ ማክቤዝን ሆና ለቶኒ ሽልማት ታጨች፤ በ2024 ደግሞ "ፕሪዙምድ ኢኖሰንት" በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ታይታለች።

የአንዲት መምህርት ዓይን

ለመምህራን ደግሞ አንድ ሌላ ታሪክ እንጨምር። ቲፋኒ ሐዲሽ የምትባለው አሜሪካዊት ተዋናይትና ኮሜዲያን በ1979 ሎስ አንጀለስ ተወለደች። አባቷ ከኤርትራ የተሰደደ ሰው ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሳለች ከቤት ሄደ። እናቷ በመኪና አደጋ ጭንቅላቷ ተጎድቶ ልጆቿን ማሳደግ ስላልቻለች ቲፋኒ በመንግሥት በኩል ሰው ቤት ተሰጥታ አደገች።

ይህች ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስትገባ በደንብ ማንበብ አትችልም ነበር። ይህን በ2017 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ራሷ ተናግራለች። ክፍሉን እያሳቀች፣ የሰማችውን በቃሏ እየያዘች ታልፍ ነበር። ጉዳዩን የደረሰችበት የድራማ መምህርቷ ናት። መምህርቷም አላዋረደቻትም፤ ጊዜ ሰጥታ ማንበብ አስተማረቻት። ቲፋኒ በ2017 በ"ገርልስ ትሪፕ" ፊልም ታወቀች፣ በ2018 የኤሚ ሽልማት አገኘች። በዚያው ዓመት ኦስካር ላይ አባቷን ለማክበር የኤርትራን የባህል ቀሚስ ለብሳ ቀረበች።

ክፍላችን ውስጥም ቀልደኛ የምንላቸው፣ የምንቆጣቸው ልጆች አሉ። ምናልባት ከነዚህ ውስጥ ማንበብ አቅቶት በሳቅ የሚሸፍን ይኖር ይሆን? ለብቻው ጠርቶ፣ ማንም ሳይሰማ አንድ አንቀጽ ማስነበብ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

ይህን ጽሑፍ ለትምህርት ለመጠቀም ገንዘብም መብራትም አያስፈልግም። ከአማርኛ መማሪያ መጽሐፍ ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበትን ገጽ ምረጡ። ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ሦስት ጥያቄ ይመልሱ፦ ይህ ሰው ምን ይፈልጋል? ምን ይፈራል? ያልተናገረው ነገር ምንድነው? ከዚያ ቆመው ያንብቡት። በሚቀጥለው ቀን ቦታ ተቀያይረው ይድገሙት። እኛ እንደሞከርነው፣ ዝም ብለው ከሚያነቡት ይልቅ እንዲህ ያነበቡት ልጆች ጽሑፉን በደንብ ያስታውሱታል።

ወደ ተማሪያችን ጥያቄ እንመለስ። አዎ፣ ከኛ አገር እዚያ የደረሰ ሰው አለ። ኦስካር ልንሰጥሽ አንችልም፣ እንደምትደርሺም ቃል አንገባልሽም። ግን ሙያው የሚጀምረው ከማንበብና ሰውን አስተውሎ ከማየት ነው፤ ይህ ደግሞ እዚሁ በእጃችን አለ። ስለሳቅንብሽ ይቅርታ አድርጊልን። በሚቀጥለው የወላጆች ቀን ተውኔት እናዘጋጃለን፤ ተራ የምትይዢው አንቺ ነሽ።

ቸር ይግጠመን።