ቅርስን በማን ዓይን እንመልከት?
ከነቀምቴና ከወለጋ ከተሞች የሚገኝ ትምህርት

የአክሱምን ሐውልት፣ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደርን ግንብ ለማየት ርቆ የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ጉብኝት በዓይን ማየት ብቻ ከሆነ፣ ጎብኚው ይዞት የሚመለሰው የድንጋይ ቁመትና የንጉሥ ስም ብቻ ይሆናል። ቅርስ የሚናገረው ጥያቄ ይዞ ለሚቀርበው ሰው ነው። ጥያቄውም «ማን አሠራው?» በሚለው አያበቃም፤ ማን ሠራው? በምን ሀብት ተሠራ? ያ ሀብትስ ከማን እጅ ወጣ? እያለ ይቀጥላል። ይህን ጥያቄ ይዘን ዝናቸው እምብዛም ወዳልተወራላቸው የወለጋ ቅርሶች እንሻገር።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦና በባኮ በኩል ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ነቀምቴ ይደርሳል። በዚያም የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ያገኛል። ግቢው የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች መቀመጫ ነበር። በከሬ ጎዳና የጀመረውን ግዛት ልጁ ሞሮዳ አስፋፋ። በግንቦት 1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ሲያደርግ፣ ሞሮዳ ለምኒልክ የጦር አዛዥ ለራስ ጎበና ዳጬ በሰላም ገባ። ልጁ ኩምሳም በምኒልክ አበ ልጅነት ክርስትና ተነሥቶ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ የደጃዝማችነት ማዕረግም አገኘ።

በሰላም በመግባታቸው ምክንያት የነቀምቴ ገዢዎች እንደ ጅማው አባ ጅፋር ሁሉ በቁርጥ ግብር የሚተዳደሩ ሆኑ። ቁርጥ ግብር ማለት ምን ማለት ነው? ባላባቱ በሥልጣኑ ይቆያል፤ ለማዕከላዊው መንግሥት ግን ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሌላም ሀብት ይልካል። ግዛቱ ከወራሪ ጦር ዳነ፤ ገበሬው ግን ከግብር አልዳነም። ወርቁን በወንዝ ዳር አሸዋ እያጠበ የለቀመው ባላባቱ አልነበረም። የግቢውን ግንድና ድንጋይ የተሸከመውም ትከሻ የባላባቱ ትከሻ አልነበረም። ስለዚህ በዚያ ግቢ የሚመላለስ ጎብኚ ሁለት ታሪኮችን በአንድ ጣሪያ ሥር ያያል፤ አንደኛው በስም የተጻፈ ነው፤ ሁለተኛው ስም የለውም።

ደግነቱ ነቀምቴ ያስቀረችልን ቤት ብቻ አይደለም። በገዢዎቹ እጅ ተጠብቀው የቆዩት የአማርኛ ደብዳቤዎች፣ በአሌሳንድሮ ትሪዩልዚና በተሰማ ታአ አዘጋጅነት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ እ.ኤ.አ. በ2004 ለኅትመት በቅተዋል። በአዲስ አበባና በነቀምቴ መካከል የግብርና የአስተዳደር ጉዳይ እንዴት ይካሄድ እንደነበር ከእነርሱ መረዳት ይቻላል። የቤቱን ውበት ከደብዳቤዎቹ ጋር አጣምሮ የሚያነብ ሰው የግቢውን እውነተኛ ዋጋ ያውቃል።

ቅርስ ግን ቤተ መንግሥት ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። በዚያው ዘመን በባርነት ተሸጦ ምጽዋ የደረሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ነፃነቱን ካገኘ በኋላ ተማረ። እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ እያገዘችው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ነቀምቴ መጥቶ ሕፃናትን በቋንቋቸው አስተማረ። ሰው እንደ ሸቀጥ በሚሸጥበት ዘመን የተሸጡ ሁለት ሰዎች ያቆሙት ይህ የፊደል ሐውልት ከየትኛው ግንብ ያንሳል?

ከነቀምቴ ብዙ የማይርቀው የቦነያ ሜዳም ሐውልት የሚያሻው አይመስለንም፤ ሥፍራው ራሱ ሐውልት ነውና። አዲስ አበባ በፋሺስት እጅ ከወደቀች ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ጄኔራል ማሊዮኮን ይዘው በዚያ አረፉ። ዓላማቸው የምዕራቡን ባላባቶች አባብሎ አገሩን ያለ ውጊያ መያዝ ነበር። በጥቁር አንበሳ ማኅበር የተሰባሰቡት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች ግን በሌሊት ደርሰው ጄኔራሉንና ባልደረቦቹን ደመሰሱ፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሉ።

እንግዲህ ከሁለት ስሕተቶች እንጠንቀቅ። አንደኛው በባላባት ቤት ፊት በአድናቆት ማጎንበስና የሠሪውን ላብ መርሳት ነው። ሁለተኛው «የጨቋኝ ቤት ነው» ብሎ እንዲፈርስ መተው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የመሬት ከበርቴውን ሥርዓት ሽሯል፤ የሠራተኛውን የእጅ ሥራ ግን አልሻረም። ቤቱ ሲፈርስ የሚጠፋው የባላባቱ ስም አይደለም፤ ስሙ በመጽሐፍ ተጽፏል። የሚጠፋው ሌላ ማስረጃ የሌለው የአናጢው፣ የግንበኛውና የተሸካሚው ምስክርነት ነው። እንጨት ደግሞ እንደ አክሱም ድንጋይ ሺህ ዓመት አይታገሥም፤ ምስጥና የወለጋ ክረምት ቀጠሮ አይሰጡም።

ስለዚህ የቀበሌ ነዋሪዎች ማኅበራትና ሠራተኞች ጉብኝትን የባለጊዜ መዝናኛ አድርገው ሊመለከቱት አይገባም። በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲም ሆነ በደምቢ ዶሎ የሚገኝ ማኅበር ወጣቶቹን ይዞ ወደ ነቀምቴ ይውጣ፤ ቤተ መንግሥቱን አይቶ ወደ ወለጋ ሙዚየም ይዝለቅ። ወርቅ ስለማጠብ፣ ስለ ግብርና ስለ ቦነያ ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ሳሉ ይጠየቁ፤ ቃላቸውም በጽሑፍ ይያዝ። የፈሰሰ ጣሪያ ሲታይ ለሚመለከተው ክፍል ይነገር፤ የቅርስ ዕቃ ለሽያጭ ሲወጣ ዝም አይባል። ቅርሱን የሠራው እጅ ባለቤትነቱን የሚያረጋግጠው ቅርሱን በመጠበቅ ነው።