በባሕር ወደ ዛንዚባር ከተማ ስለ መግባት

የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ፊቷን ወደ ባሕር አድርጋ የተሠራች ናት። ስለዚህ በአየር ከሚመጣው ይልቅ በመርከብ የሚመጣው መንገደኛ ጠባይዋን ቶሎ ይረዳል። ከዳር ኤስ ሰላም የሚነሣው ፈጣን የመንገደኞች መርከብ ከ70 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጠውን ባሕር በሁለት ሰዓት ያህል ይሻገራል። በመጨረሻም የሻንጋኒን አፍንጫ ዞሮ ወደ ወደቡ ሲጠጋ የከተማይቱ ፊት በስተቀኝ ተራ በተራ ያልፋል። የዚህ ጽሑፍ አሳብ መንገደኛው በዚያች አጭር ጊዜ የሚያየው ምን እንደ ሆነ፥ ይልቁንም የማያየው ምን እንደ ሆነ ለመግለጽ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልናገር። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቈጥሩት እንደ እኛ ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ነው። «ሳአ ሞጃ» አንድ ሰዓት ማለት ሲሆን እርሱም ለፈረንጅ ሰባት ነው። ሁለቱም አገሮች ለምድር ወገብ የቀረቡ በመሆናቸው የፀሐይ መውጫ ከወር ወደ ወር እምብዛም አይለዋወጥም፤ አቈጣጠሩም ያለ ችግር ይሠራል። የመርከቡ ቲኬት ግን የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው መንገደኛ በአፍ ሲነጋገር ይግባባል፤ ወረቀቱን ሲያነብ ግን ስድስት መቀነስ አለበት። ፈረንጆቹ የሚቸገሩት በተቃራኒው ነው።

ከተማይቱ በደሴቱ ምዕራባዊ ጠረፍ የተቈረቈረችበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ከውቅያኖሱ ማዕበል ተጠልላ ከአፍሪካ የብስ ፊት ለፊት ትገኛለች። ከታኅሣሥ ገደማ እስከ መጋቢት የሚነፍሰው «ካስካዚ» የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሳንቡቆችን ከዓረብ አገርና ከሕንድ ያመጣ ነበር፤ ከሚያዝያ በኋላ የሚነሣው «ኩሲ» ደግሞ ይመልሳቸዋል። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ወራት መቀመጥ ግድ ይሆንበታል፤ በተቀመጠበትም ይገነባል፥ ያገባል፥ ቋንቋ ይማራል። የዛሬው መርከብ ነፋስ አይጠብቅም። ይሁን እንጂ ባሕሩ ጨርሶ የተገራ አይደለም። በመስከረም 2011 «ስፓይስ አይላንደር» የተባለችው መርከብ ከልክ በላይ ሰው ጭና ወደ ፔምባ ስትሄድ ሰጠመች። በሐምሌ 2012 ከዳር ኤስ ሰላም የተነሣችው «ስካጊት» ወደ ዛንዚባር ልትደርስ ስትል ተገለበጠች፤ ይህችኛዋ አስቀድሞ በአሜሪካ በተከለለ ባሕር ላይ ትሠራ የነበረች ናት። በሁለቱ አደጋዎች በመቶ የሚቈጠር ሕዝብ አልቋል።

ከመርከቡ ላይ ጎልቶ የሚታየው በመጀመሪያ ምሽጉ ነው። የዖማን ዓረቦች ፖርቱጊዞችን በ1698 ካባረሩ በኋላ የሠሩት ነው። ከአጠገቡ ያለውን ቤት ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 አሠራው። ስሙ «ቤት አል አጃኢብ» ነው፤ ይህን ለአማርኛ አንባቢ መተርጐም የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በዙሪያው በብረት ዓምዶች ላይ የቆሙ ሰፊ ሰገነቶች አሉት፤ በዛንዚባርም የኤሌክትሪክ መብራት መጀመሪያ የገባው በእርሱ ነው። በነሐሴ 27 ቀን 1896 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የእንግሊዝ መርከቦች ተኩስ ከፍተው፥ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አጠገቡ የነበረውን ቤተ መንግሥት አፈረሱት፤ ይህ ቤት ግን ብዙ ሳይጐዳ ተረፈ። መድፍ ያልጣለውን በታኅሣሥ 25 ቀን 2020 እርጅናው ጣለው፤ በመጠገን ላይ ሳለ አንደኛው ወገኑ ተደርምሶ የሰው ሕይወት ጠፋ።

ይህ አደጋ የአንድ ቤት ነገር ብቻ አይደለም። የከተማይቱ ቤቶች የታነጹት ከባሕር በሚወጣ የኮራል ድንጋይና በኖራ ነው፤ ጣራውን የሚሸከመው የማንግሮቭ ግንድ ነው። ግንዱ አጭር በመሆኑ ክፍሎቹ ጠባብና ረጃጅም ናቸው፤ ወርዳቸው ከሦስት ሜትር ብዙም አያልፍም። ኖራ በየጊዜው ካልተለሰነ ዝናብ ይገባዋል፤ ውኃው ግንዱ ግድግዳው ውስጥ የገባበትን ጫፍ ያበሰብሰዋል፥ ከዚያ ወለሉ ይወድቃል። ከጥር 1964 አብዮት በኋላ ብዙ ዓረቦችና ሕንዶች ተገደሉ ወይም ተሰደዱ፤ ቤቶቻቸውም በመንግሥት እጅ ገብተው ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈሉ። የሁሉም የሆነውን ጣራ ማን ይጠግን? ከተማይቱ በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብታለች፤ መዝገቡ ግን ኖራ አይለስንም።

በወደቡ ፓስፖርት እንደ ገና ይታያል። ዛንዚባር በሚያዝያ 1964 ከታንጋኒካ ጋር ብትዋሐድም የራሷ መንግሥት አላት።

መንገደኛው ከባሕር የማያየው ክፍል በስተኋላ ነው። አሮጌው ከተማ ቀድሞ ከቀረው ደሴት በባሕር ሰርጥ ይለይ ነበር። ሰርጡ በኋላ በአፈር ተሞልቶ መንገድ ሆነ፤ የገበያው ስም «ዳራጃኒ»፥ ማለት «በድልድዩ ዘንድ» የሚለው፥ ከዚያ የቀረ ነው። ከሰርጡ ባሻገር ያለው ሰፈር ዛሬም «ንጋምቦ» ይባላል፤ «ማዶ» ማለት ነው። ድሆች፥ ባሮችና ነጻ የወጡ ሰዎች የኖሩት ማዶ ነው። የቅርንፉዱን እርሻ ያለሙት፥ የባሕሩን ዳር ቤቶች ያሠራውን ገንዘብ ያስገኙት እነርሱ ሲሆኑ፥ ከመርከብ ላይ የሚታይ አንድም ምልክታቸው የለም። የባሪያው ገበያ በ1873 ተዘጋ፤ በቦታውም የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ተሠራበት። በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ታሪኩ በዚህ እንደሚያበቃ አድርገን እንሰማው ነበር። ነገር ግን የተከለከለው ንግዱ ነው፤ ባርነት ራሱ በሕግ የቀረው በ1897 ነው።

ይህ ነገር ከእኛ አገር ሩቅ አይደለም። የሱልጣን ሰይድ ልጅ ሳልሜ በ1886 በጀርመንኛ ባሳተመችው መጽሐፍ በአባቷ ቤት ስለ ነበሩት የሐበሻ ሴቶች ትናገራለች። መጽሐፉ በእንግሊዝኛም ይገኛል። ስለ ሐበሻ ባሮች ንግድ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ምርምራቸውን በቀይ ባሕር ወደቦች ላይ ባያቆሙትና እስከዚህ ደሴት ቢያደርሱት፥ ከባሕሩ ዳር ቤተ መንግሥት ቢጀምሩ መልካም ነው።