ወደ ውሃ የሚሄድ እንስሳ፣ መሐል የገባ አስፋልት

በብራዚል ከሚኖሩ የዱር የየብስ አጥቢዎች ትልቁ ታፒር ነው። ክብደቱ እስከ 250 ኪሎ ይደርሳል። የሥጋ ዘመዶቹ ፈረስና አውራሪስ ናቸው፤ ኑሮው ግን ለጉማሬ የቀረበ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ውሃ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ የውሃ ዳር ቅጠል ይበላል፣ ጃጓር ሲያሳድደው ወንዝ ውስጥ ይገባል። ከላይኛው ከንፈሩ ጋር የተዋሐደች አጭር ኩምቢ አለችው። እሷን ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ አድርጎ ይተነፍሳል፤ ሲያሻውም ጠልቆ የወንዙን ወለል እየረገጠ ይራመዳል።

ፋንድያውንም ብዙ ጊዜ የሚጥለው እዚያው ውሃ ውስጥ ወይም ዳርቻው ላይ ነው። ከፍሬው ጋር ከዋጣቸው ዘሮች ብዙዎቹ ሳይፈጩ ይወጣሉ፤ ከእናት ዛፋቸው ርቀውም ይበቅላሉ። ታፒር የጠፋበት ጫካ ትልቁን ዘሪውን አጣ ማለት ነው።

ብራዚላዊቷ ተመራማሪ ፓትሪሺያ ሜዲቺ እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንቲክ ደን የጀመሩት ክትትል በ2008 ወደ ፓንታናል ረግረግ፣ ቆይቶም ወደ ሴራዶ ሣራማ ምድር ተሻግሯል። ፓንታናልንና ሴራዶን የሚያገናኛቸው ውሃ ነው። ፓንታናልን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ በአብዛኛው የሚወርደው በዙሪያው ካለው የሴራዶ ከፍተኛ መሬት ነው፤ ያ መሬት ደግሞ ዛሬ የአኩሪ አተር፣ የሸንኮራ አገዳና የከብት ግጦሽ ሆኗል። ከዚያ የታጠበ አሸዋ የታኳሪን ወንዝ በደለል ስለሞላው ውሃው ቦዩን ጥሎ ሰፊ ሜዳ ላይ ተኝቷል። በሴራዶ የተመረመሩ ታፒሮች ገላም የፀረ ተባይ መድኃኒትና የብረታ ብረት ቅሪት ተገኝቶበታል። በ2020 ደግሞ ድርቅ ያደረቀው ፓንታናል በእሳት ተያይዞ ከአራት እጅ አንዱ ያህል ተቃጠለ።

እኔን ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ግን የመኪና መንገድ ጉዳይ ነው፤ መፍትሔው በእጅ ያለ ነውና። ታፒር በአብዛኛው የሚንቀሳቀሰው ሌሊት ነው። መኖውን ሲፈልግና ወደ ውሃ ሲወርድ የለመደውን ዱካ ይከተላል። በብራዚሉ ማቶ ግሮሶ ዶ ሱል ግዛት ያንን ዱካ እህልና አገዳ የጫኑ ከባድ መኪኖች የሚበሩበት አስፋልት ቆርጦታል። ገላው ጠቆር ያለ በመሆኑ ሾፌር የሚያየው ከቀረበ በኋላ ነው። በግጭቱ ሰዎችም ሞተዋል፤ ስለዚህ ነገሩን የእንስሳ ወዳጆች ጭንቀት ብቻ አድርጎ ማለፍ ስህተት ነው።

አንዲት ሴት ታፒር ስትሞት አብሯት የሚጠፋው ብዙ ነው። እርግዝናዋ 13 ወር ያህል ይፈጃል፤ የምትወልደውም አንድ ግልገል ነው፤ ቡናማ ገላው ላይ ነጭ መስመርና ነጠብጣብ ያለበት። ጥቂት ሴቶች በየዓመቱ ቢገደሉ፣ በሕይወት ያሉት ወልደው አይተኳቸውም።

የፍጥነት ምልክት መትከል ተሞክሯል፤ በሌሊት የሚጣደፍን ሾፌር ግን ምልክት ብቻውን አያቆመውም። የሚሠራው ዱካው ባለበት ቦታ አጥር አጥሮ እንስሳውን በመንገዱ ሥር ወደሚያሳልፍ ሰፊ መተላለፊያ መምራት ነው። መንገዱ ወንዝ በሚሻገርበት ቦታ ደግሞ ድልድዩን ጥቂት ሜትር አርዝሞ፣ ከሥሩ በግራና በቀኝ ደረቅ ዳርቻ መተው ይበቃል። መንገዱ ካለቀ በኋላ ይህን ማድረግ አስፋልት ማፍረስን ይጠይቃል። ንድፉ ሳይጸድቅ ከሆነ ግን ወጪው በጨረታው ውስጥ አብሮ ይታሰባል፤ የታፒር ተከራካሪዎችም መደመጥ ያለባቸው በዚያ ሰዓት ነው።